ነፋስ በተራ፣ ዝናብ በነፍስ ወከፍ

ስልኬ ውስጥ አንድ አጭር ቪዲዮ አለ። እንጅባራ፣ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ የተቀረጸ ነው። እኛ በዝናብ በስብሰን ብስክሌታችንን እየገፋን ወደ ግቢው ስንገባ ያሳያል። አንዱ ጫማውን አውልቆ ውኃ ይደፋል። ነርሷ ጓደኛችን ቀና ብላ ካሜራውን ታያለች፤ አትስቅም። የሚስቀው ቀራጩ ነው። «ኧረ በናታችሁ! ዋኝታችሁ ነው እንዴ የመጣችሁት?» ይላል።

ቀራጩ የኛው ሰው ነው። ጠዋት አብሮን ከቡሬ ተነስቷል። ቪዲዮውን ሲቀርጽ ግን ደረቅ ነው። ገላውን ታጥቧል፣ ጋቢ ደርቧል፣ ሽሮውንም በልቷል።

ላጠፋው እልና እተወዋለሁ። ምኑ እንዳናደደኝ በደንብ ስላልገባኝ ይመስለኛል። ነገሩን በሒሳብ ካየነው ልጁ የበደለን ነገር የለም። ቢጠብቀን ኖሮ እኛ አንደርቅም ነበር። የሚጨመረው አንድ የረጠበ ሰው ብቻ ነው። ታዲያ ምን አድርግ ነው የምለው?

ጉዞው የጎጃም መንገድ እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ የተደረገ ነው። ዛሬ ላይ ሆኖ ያንን ማሰብ ራሱ ቅንጦት ነው። መስከረም አጋማሽ ላይ ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ተነስተን፣ ዓባይን ተሻግረን፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ አድርገን ባሕር ዳር ለመግባት አንድ ሳምንት ያዝን። ኮርሳ ያለው በኮርሳ፣ የሌለው በማውንቴን። ዕቃ የሚጭንልን መኪና የለም። ልብሳችን ጀርባችን ላይ ነው፣ በፌስታል ተጠቅልሎ።

ስለ ዓባይ በረሃ ብዙ አልልም። ያላየው ጥቂት ነው። ከ2400 ሜትር በላይ ከሆነ አፋፍ ላይ ጃኬት ለብሰህ እየተንቀጠቀጥክ ትነሳለህ። ጃፓኖች የሠሩት ድልድይ ጋ ስትደርስ ከፍታው 1000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ላብ በላብ ነህ። አንድ ሺህ ሜትር በወረድክ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ከዚያ የወረድከውን ሁሉ መልሰህ ትወጣለህ። ደጀን ስንገባ ጉም ተቀበለን። በአንድ ቀን በጋንም ክረምትንም አየን ማለት ነው። የሳምንቱ አየር ጠባዩን ያኔውኑ ነግሮናል፤ እኛ ነን ያልሰማነው።

ነፋስ ተራ አለው

ከደጀን በኋላ መንገዱ ይለቀቃል። ሉማሜ፣ አምበር፣ ግራና ቀኙ ጤፍ። ብስክሌት ለሚነዳ ሰው ሜዳ ደስ የሚል ነገር ይመስለዋል። ሜዳ ላይ ግን የምትታገለው ከመንገዱ ጋር አይደለም፤ ከአየሩ ጋር ነው። ፍጥነት በጨመርክ ቁጥር አየሩ ይጠነክርብሃል። ከፊት ያለው ሰው ደረቱን ሰጥቶ ይሰነጥቀዋል። ከኋላው፣ ጎማው ላይ ተለጥፎ የሚነዳው ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆን ጉልበቱን ይቆጥባል። ዳገት ላይ ይሄ ጥቅም ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ የለማ።

ስለዚህ ተራ ይገባል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ከፊት ትሆናለህ፤ ከዚያ ወደ ጎን ወጥተህ ወደ ኋላ ትመለሳለህ። ቀጣዩ ነፋሱን ይረከባል። የጎጃም ገበሬ ይሄን አስረዱኝ አይልም። ወንፈል ነው። ዛሬ ያንተን ማሳ አርማለሁ፣ ነገ የኔን ታርማለህ። ቀን በቀን ይመለሳል፤ ማንም ማንንም አይለምንም፣ ማንም ባለውለታ አይሆንም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ነፋስ እንዲህ ያለ ሎሚ ነው። ከደጀን ማርቆስ ብቻዬን ብሆን ምላሴ ወጥቶ ነበር የምገባው። በቡድን ሆነን ግን እያወራን ገባን።

ማርቆስ ላይ ያላሰብነው እረፍት ወሰድን። ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ፤ ቆርቆሮው ሲጮህ እርስ በርስ መሰማማት አቃተን። በማግስቱም ዘበኛው አላስወጣንም። በእጁ ወደ ሰሜን እያሳየ «ጮቄ ተከናንቧል፣ የት ልትሄዱ ነው?» አለን። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ሲከናነብ መከራከር አይቻልም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ካርታ ተጫወትን።

ቀጥሎ አማኑኤል አካባቢ ጎማ ፈነዳብን። የከባድ መኪና ጎሚስታ ነበር ያገኘነው። የብስክሌቷን ካላማዳሪ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ሲያያት አንጀት ትበላ ነበር። ነፍቶ ውኃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ነከራት፣ ቀስ እያለ አዞራት፣ አረፋ የምትተፋበትን ቦታ በጥፍሩ ቧጨራት። ማስቲሹን ቀብቶ እስኪደርቅ ድረስ አንድ ጥያቄ ጠየቀን። «አውቶቡስ መሳፈሪያ አጥታችሁ ነው?» አጥጋቢ መልስ የሰጠው አልነበረም። ገንዘብም አልቀበልም ብሎ አስቸገረን።

ዝናብ ሲመጣ

ዝናብ ላይ ያ ሁሉ ወንፈል አይሠራም። መጀመሪያ የሚፈርሰው መለጣጠፉ ነው። ከፊትህ ያለው ጎማ ውኃውን፣ ጭቃውን፣ የከብት እበቱን ሁሉ አንስቶ አፍህ ላይ ይረጨዋል። ፍሬኑም አይታመንም። ቸርኬው ላይ ያለው ውኃ እስኪጠረግ ጎማው ጥቂት ዙር መዞር አለበት፤ ያ ጥቂት ዙር ቁልቁለት ላይ ብዙ ሜትር ነው። በተለይ ዝናቡ ሲጀምር ያሉት ደቂቃዎች ክፉ ናቸው። የተጠራቀመው አቧራና የመኪና ዘይት አስፋልቱን ያሟልጨዋል። ስለዚህ መራራቅ ግድ ነው። ቡድን የነበረው ነገር መንገድ ላይ የተንጠባጠበ ሰው ይሆናል።

ዋናው ግን ዝናብ አይከፋፈልም። አንድ ሰው ከፊት ሆኖ ቢበሰብስ ከኋላ ያለው አይደርቅለትም። ስምንት ሰው ካለ ስምንት ሙሉ ዝናብ ነው። ሎሚው እዚህ ጋ አይሠራም።

ከቡሬ በተነሳን ቀን ሰማዩ ጠዋት የታጠበ ሰማያዊ ነበር። በመስከረም ጎጃም ጠዋት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ የሚያታልልህም እሱ ነው። ቲሊሊ ስንደርስ ቡና ለመጠጣት ቁጭ አልን። የመንገዱ ግራ ምዕራብ ነው። ከዚያ ማዶ መሬቱ ወደ መተከል ቆላ ይወርዳል። ከቆላው የሚነሳው እርጥብ አየር ደጋውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል፣ እዚያው አካባቢ ይራገፋል። እንጅባራ ዝናብ የማይጠፋባት ለዚህ ነው። ከ2500 ሜትር በላይ ነች፤ ከቡሬ ወደ እርሷ የሚሄድ ሰው በጥቅሉ ሽቅብ ነው የሚነዳው።

በግራ በኩል ደመናው መጥቆር ጀመረ። ቪዲዮውን የቀረጸው ጓደኛችን ተነሳ፣ ቢጫ ጃኬቱን ዘጋ፣ አንድ ነገር ተናገረና ሄደ። ከሁላችንም ጉልበተኛው እሱ ነው። መጀመሪያ ጃኬቱ ይታየን ነበር። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ጠፋ። ቡናችንን ጨርሰን ተከተልን።

የያዘን ወደ ዘንገና ሐይቅ ከመድረሳችን በፊት ነው። መጀመሪያ ነፋሱ ቆመ። ከዚያ አስፋልቱ ላይ ትልልቅ ጠብታ ታየ፣ እንደገና ጠፋ፣ ከዚያ ዶፉ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ በረዶ ተቀላቀለበት። የራስ ቁሬ ላይ ሲያርፍ ጆሮዬ ጭው አለ። መንገድ ዳር አንድ ወፍጮ ቤት አየንና ብስክሌቱን ጥለን ገባን።

ወፍጮ ቤት

ቤቱ ከገበያ በተመለሰ ሰው ሞልቷል። አንዲት አህያም በሩ ሥር ግማሽ አካሏን አስገብታለች። ወፍጮው ቆሟል፤ ዱቄቱ ግን አየር ላይ ነው፣ የረጠበ ልብሳችን ላይ እያረፈ ሊጥ ሆነ። ሰዎቹ እርስ በርስ በአገውኛ ያወራሉ፤ ወደኛ ሲዞሩ አማርኛ ይሆናል። አንድ እረኛ ልጅ ገሳውን እንደለበሰ ጥግ ቆሟል። ገሳውን ዝም ብዬ አየሁት። ሣሩ ወደ ታች እየተደራረበ የተጎነጎነ ነው። ውኃው ከአንዱ ሣር ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ጫፉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ውስጡ ያለው ልጅ ደረቅ ነው። እኔ የለበስኩት ጃኬት ውኃ አያስገባም ተብሎ የተሸጠልኝ ነው። አስገብቷል።

ከአጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ «ቅድም በዚህ ያለፈው ቢጫ ለባሽ የናንተው ነው?» አሉ።

«የኛ ነው እማማ።»

«እሱስ ሳይመታው ይገባል።»

«ጥሎን ሄደ እኮ» አለች ነርሷ። ቀልድ አስመስላ ነው፤ ስሞታ ግን ነበረበት።

እማማ የሚራሩልን መስሎኝ ነበር። ምነው፣ ጓደኛ አይደለም እንዴ፣ የሚሉ መስሎኝ ነበር። አላሉም።

«ደግ አደረገ» አሉ። «ሁላችሁም ከረጠባችሁ ማን እሳት ያነድላችኋል?»

እንደ ምክር አልነበረም ያሉት። እንደ ተራ ነገር፣ ማንም እንደሚያውቀው ነገር ነው። ቀጥለው ስለ ዶሮ ዋጋ ከጎናቸው ካለችው ሴት ጋር ማውራት ጀመሩ። እኔ ግን ቀረሁ። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ በሆዴ የነበረው ጥያቄ ሄደ ወይስ አልሄደም የሚል ነው። እሳቸው መሄዱን አንድ ጊዜም አልጠየቁም። ለእሳቸው የሄደው ሰው ሥራ ይዞ ነው የሄደው።

ዝናቡ ወደ ካፊያ ሲወርድ ወጣን። ከዚያ እስከ እንጅባራ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ብርዱ ግን አስረዘመው። ጣቴ ማርሽ መቀየር አቅቶት በመዳፌ እየገፋሁ ነው የነዳሁት። እውነቱን ልናገርና እሳት ይኖራል ብዬ ጠብቄ ነበር። እማማ ስላሉት ብቻ።

አንድ ቃል

የጠበቀን ቪዲዮ ነው።

እንጅባራና አካባቢዋ የከሰል አገር ናቸው። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ያከስላል፤ ማዳበሪያ የሞላ ከሰል መንገዱ ዳር ተደርድሮ ታያለህ። እንዲህ ባለ ከተማ የሚያሞቅ ነገር ማግኘት ችግር አይደለም። ጋሼ ብለን የምንጠራው ታላቃችን አስተናጋጇን ከሰል ይኖር እንደሆነ ጠየቃት። «ንገሩኝ እንጂ!» አለች። ደቂቃ አልፈጀባትም፤ የተቀጣጠለ ምድጃ ይዛ መጣች። ነርሷ መስኮቱን ከፈተች። የታፈነ ክፍል ውስጥ ከሰል ሰው ይገድላል፤ እሷ ደግሞ በሥራዋ አይታዋለች። ካልሲያችንን ወንበር ላይ ሰቅለን ዙሪያውን ተኮለኮልን።

እኔን የበላኝ ያ «ንገሩኝ እንጂ» ነው። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። ልጁ እዚያ በረንዳ ላይ ከኛ በፊት ብዙ ተቀምጧል። ያቺው አስተናጋጅ ሽሮውን አቅርባለታለች። ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለም። ማርቆስ ላይ የነርሷን ብስክሌት አብሯት ፈትቶ የገጠመው፣ ሰንሰለቱን በራሱ ጨርቅ የወለወለው እሱ ነው።

ማታ ራት ላይ ክርክር ተነሳ፤ እሱ ተኝቷል። አንዱ ጓደኛችን የብስክሌት ውድድር ታሪክ በቃሉ የሚያወርድ ነው። በፈረንጆቹ 1988 የጣሊያን ዙር ላይ ጋቪያ የሚባለው ተራራ ላይ በረዶ እንደወረደ ነገረን። አሜሪካዊው አንዲ ሃምፕስተን በዚያ በረዶ ሌሎቹ ሲንቀጠቀጡ ነድቶ የመሪነቱን ሮዝ ማሊያ ለበሰ። «ብስክሌት እንዲህ ነው» አለ ተከራካሪው፣ «ሰማይ ሲከፋ ሁሉም ለራሱ ነው።»

ጋሼ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና አንድ ነገር ጠየቀ። «ሰውየው ጫፉ ላይ ምን ለበሰ?»

ተከራካሪው ያውቃል፤ የማይመልሰው ጥያቄ የለም። የሃምፕስተን ቡድን ጠዋት ቀድሞ ሙቅ ልብስ ገዝቶ ነበር፤ ጫፉ አቅራቢያም ደረቅ ልብስ የሚያቀብለው ሰው ቆሟል። መልሱን ራሱ ሲሰማው ሳቀ። ለራሱ የነዳው ሰው እንኳ ከፊቱ ደርቆ የሚጠብቀው ነበረው።

ከእንጅባራ ወዲህ

በማግስቱ ዝናቡ የለም፤ ነፋስ ነበር። የአገው ፈረሰኞችን ትርዒት ለማየት ጥር 23 መምጣት ነበረብን፤ መስከረም ላይ የደረሰን ፈረስ ጋሪ የሚጎትተው ነው። ወደ ዳንግላ መንገዱ በጥቅሉ ይወርዳል፤ ነፋሱ ግን ፊት ለፊት ስለሆነ ቁልቁለት መሆኑን አስረሳን።

ጓደኛችን ከፊት ሆነ። ተራው አለቀ፤ አልወጣም። ቀጣዩ ሊረከበው ቢጠጋ በእጁ «ቆይ» አለው። አዲስ ቅዳምን አለፍን፤ አሁንም እሱ ነው። ጀርባው ላይ ላቡ ካርታ ሠርቷል። ማንም ምንም አልተናገረም፤ ሁላችንም ግን ገብቶናል። እየከፈለ ነው። እኔ በበኩሌ ጎማው ላይ ተለጥፌ ተመችቶኝ ነበር። ይክፈል፣ ምን አገባኝ።

ጋሼ ነው ያልተመቸው። ከኋላ ተነስቶ፣ ሁላችንንም አልፎ፣ ከጎኑ ደረሰ። በዕድሜ አባታችን ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ትንፋሹ ከሩቅ ይሰማል። «ተራህ አልቋል» አለው።

«ቆይ ጋሼ፣ ደህና ነኝ።»

«ደህና መሆንህን አልጠየቅኩም። ተራህ አልቋል። ወደ ኋላ።»

ልጁ ወደ ጎን ወጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ ፊቱን አየሁት። የተቀማ ሰው ፊት ነው።

ብዙ ያሰብኩበት ቦታ ይሄ ነው። መጀመሪያ ጋሼ የራራለት መሰለኝ። በኋላ የጨከነበት መሰለኝ። አንድ ሰው ዕዳውን በነፋስ ልክፈል ሲል፣ አይ፣ የዝናብ ዕዳ በነፋስ አይከፈልም ብሎ መመለስ ጭካኔ አይደለም እንዴ? አሁን ግን ሌላ ይመስለኛል። ወንፈል ውስጥ ከተራህ በላይ ከሠራህ ሌላው ሰው ተራውን ያጣል። አንዱ ከፋይ ሌሎቻችን ተከፋይ ሆነን ዳንግላ ብንገባ፣ ያ ቡድን ከእንጅባራው የባሰ የተበታተነ ነው። ጋሼ ያዳነው ልጁን አይደለም፤ ተራውን ነው። ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሼን ብትጠይቁት «ደክሞት ነበር፣ በቃ» ነው የሚለው።

ዱርቤቴ፣ ወተት ዓባይ፣ መርዓዊ፤ እነዚህን በፍጥነት አለፍናቸው። መርዓዊ ላይ ካፊያ መታን፤ ማንም አልቀደመም፣ ማንም አልቆመም። ባሕር ዳር በዘንባባው መሐል ስንገባ የከተማው ብስክሌተኞች አብረውን ትንሽ ነዱ። ከደጀን ወዲህ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መጥተን፣ ተራ ብስክሌት ላይ ዳቦ የጫነ ልጅ በሳቅ ጥሎን አለፈ።

ከወራት በኋላ አዲስ አበባ ከልጁ ጋር ቡና ስንጠጣ ነገሩን አነሳሁት። ለምን ሄድክ አላልኩትም። «ለምን ከሰል አላዘዝክም?» አልኩት። ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ተወ።

«ቲሊሊ ላይ ደጋግሜ ነገርኳችሁ» አለኝ። «ደመናው መጣ፣ እንነሳ አልኩ። ሁለተኛ ቡና አዘዛችሁ። እንጅባራ ስገባ ተናድጄባችሁ ነበር። የተናደደ ሰው ከሰል ያዝዛል?»

እኔ አልሰማሁትም። ጋሼ ሰምቻለሁ ይላል። ነርሷ ደግሞ አንድም ቃል አልተናገረም ብላ ትምላለች። ያንን ቡና የቀዳችውን ሴት ካልጠየቅን የሚፈታ ነገር አይደለም።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ በሞጣ በኩል እንሄዳለን ብለናል። ለዚያ ጉዞ አንድ ሕግ አቀረብኩ። ደመና ያየ የፈለገ ይቅደም፤ የቀደመ ግን ከሰል ያዝዛል። ልጁ ወዲያው ተስማማ። ጋሼ አልተስማማም፤ ማንም አይቅደም ነው የሚለው። ነርሷ ሕጉን ወዳዋለች፤ የከሰሉን ሒሳብ የሚከፍለው ቀዳሚው ነው ወይስ የረጠበው የሚለው ካልተጻፈ ግን አልፈርምም ብላለች። እሱ ላይ ተጣብቀን ቀርተናል።